ምርኩዝ በየትኛው እጅ ይያዛል?

በንባብ ክፍላችን የሚማሩ አንድ አዛውንት ገበሬ ለብዙ ጊዜ ከመንደሩ ጠፍተው ሰነበቱ። ቀኝ ዳሌያቸውን ክፉኛ ታመው ነበር። ልጃቸው በሬ ሸጦ አዲስ አበባ ወሰዳቸው። እዚያም በቀዶ ሕክምና ሰው ሠራሽ የዳሌ መገጣጠሚያ ገባላቸው። ተመልሰው ወደ ክፍል የገቡ ዕለት ሁላችንም ደስ ብሎን ከመቀመጫችን ተነሣን። ነገር ግን ሲራመዱ ወደ ቀኝ ያጋድላሉ። ምርኩዛቸውንም የያዙት በቀኝ እጃቸው ነው።

«አባባ፣ ሐኪሙ በየትኛው እጅ ይያዙ አለዎት?» ብለን ጠየቅናቸው።

«በግራ ያዙ ብሎኝ ነበር። ታዲያ የታመመው ቀኙ ሆኖ ሳለ ግራውን ብደግፍ ምን ሊረባኝ?» አሉን።

በክፍሉ ከነበሩት ብዙዎቹ «እውነታቸውን እኮ ነው» አሉ። እኛም ምክንያቱን ማስረዳት አቃተን። ተማሪዎች ነን እንጂ ሐኪሞች አይደለንም። ስለዚህ ወደ ጤና ጣቢያ ሄደን ጠየቅን። የተነገረንንም እዚህ ጽፈናል።

ዳሌ እንዴት ይሠራል?

ሙቀጫና ዘነዘና አስቡ። የጭን አጥንት የላይኛው ጫፍ እንደ ኳስ ክብ ነው። ይህ ክብ አጥንት በዳሌ አጥንት ውስጥ ባለው ጎድጓዳ ቦታ ገብቶ ይዞራል። አጥንት ከአጥንት ጋር እንዳይፋተግ በመካከላቸው ለስላሳ ልባስ አለ።

ይህ ልባስ በዕድሜ ወይም በበሽታ ያልቃል። ያን ጊዜ አጥንቶቹ ይፋተጋሉ፣ ሰውየውም መራመድ ይቸግረዋል። አንዳንድ ጊዜ ደግሞ ሰው ሲወድቅ የጭኑ አጥንት አንገቱ ላይ ይሰበራል። እንዲህ ሲሆን ሐኪሞች የተጎዳውን ክብ አጥንት ቆርጠው ያወጣሉ። በምትኩ ዘንጉ በጭን አጥንት ውስጥ የሚገባ ብረት ይተክላሉ። በዘንጉ ጫፍ ላይ ኳስ አለ። ጎድጓዳውም ቦታ ብዙውን ጊዜ በጠንካራ ፕላስቲክ ይለበጣል። ይህን ሕክምና ዛሬ በሚታወቀው መንገድ የጀመሩት ጆን ቻርንሊ የተባሉ እንግሊዛዊ ሐኪም ናቸው። ጊዜውም 1955 ዓ.ም. ነበር፤ በአውሮፓውያን አቆጣጠር 1962 ማለት ነው።

የገባው ብረት ጠንካራ ነው። በዙሪያው ያለው ሥጋ ግን ተቆርጦ የተሰፋ ነው። እስኪጠና ድረስ ጊዜ ይፈልጋል። ምርኩዝ የሚያስፈልገውም ለዚህ ነው።

ለምን በደህናው በኩል?

አንድ ቤት ወደ ግራ ቢያጋድል ድጋፉን የምታቆሙት በየት በኩል ነው? በግራ በኩል ነው። በቀኝ ብታቆሙት ቤቱን አያድነውም።

የሰውም ገላ እንዲሁ ነው። ስንራመድ አንዱን እግር ባነሣን ቁጥር በሌላው ብቻ እንቆማለን። በቀኝ እግር ብቻ ስንቆም ገላችን ወደ ግራ ሊወድቅ ይፈልጋል። እንዳይወድቅ የሚይዘው በቀኝ ዳሌ ጎን ያለው ሥጋ ነው። እንደ ገመድ ተወጥሮ ይጎትተናል። ስለዚህ ዳሌው የሚሸከመው የሰውነትን ክብደት ብቻ አይደለም። የዚህ ገመድ ጉተታም ይጫነዋል። ሁለቱ ሲደመሩ ሸክሙ ከሰውየው ክብደት ሁለት እጥፍ ይበልጣል። 60 ኪሎ የሚመዝን ሰው በአንድ እግሩ ሲቆም ዳሌው ከአንድ ኩንታል በላይ ተሸከመ ማለት ነው።

አሁን ምርኩዙን በግራ እጅ እንያዘው። ገላው ሊወድቅ ባጋደለበት በኩል ድጋፍ ቆመለት። የተሰፋው ሥጋ ብዙ መጎተት አያስፈልገውም፤ ዳሌውም ያርፋል። ምርኩዙ ከታመመው ዳሌ ራቅ ብሎ በመቆሙም ጥቂት ጉልበት ብዙ ይሠራል። ድንጋይ በመፈንቅል ስታነሡ ዱላውን ጫፉ ላይ የምትይዙት ለዚህ አይደል?

ሌላም ማስረጃ አለ። ዝም ብላችሁ ተራመዱና እጃችሁን ተመልከቱ። ቀኝ እግር ሲቀድም ግራ እጅ ይቀድማል። ስለዚህ ቀኝ ዳሌው የታከመ በግራ እጁ ይያዝ። ግራ ዳሌው የታከመ ደግሞ በቀኝ እጁ ይያዝ።

የምርኩዝ ቁመት

የከብት ዱላ ለምርኩዝ አይሆንም። ይረዝማል፣ ትከሻንም ወደ ላይ ይሰቅላል። በጣም ያጠረ ደግሞ ያጎብጣል። ሰውየው ጫማውን አድርጎ ቀጥ ብሎ ይቁም፤ እጁንም ወደ ታች ይልቀቅ። የምርኩዙ እጀታ ከእጁ አንጓ ጋር እኩል ይሁን። ሲይዘው ክርኑ በጥቂቱ ይታጠፋል።

ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚሄደው በሁለት ክራንች ነው። ክራንቹ የብብት ከሆነ በብብትና በክራንቹ ራስ መካከል ሁለት ወይም ሦስት ጣት የሚያስገባ ክፍተት ይኑር። ክብደትን የሚሸከመው መዳፍ ነው እንጂ ብብት አይደለም። በብብቱ የሚንጠለጠል ሰው በዚያ የሚያልፈው ነርቭ ተጎድቶ እጁ ሊደነዝዝ ወይም ሊዝል ይችላል።

የምርኩዙ ጫፍ ጎማ ይኑረው። ጎማው ሲያልቅ ይለወጥ። ጎማ የሌለው እንጨት በእርጥብ መሬትና በድንጋይ ላይ ያንሸራትታል።

አረማመድ

በመጀመሪያ ምርኩዙ ይቅደም። ቀጥሎ የታከመው እግር ይሂድ። በመጨረሻ ደህናው እግር ይከተል። እርምጃው አጭር ይሁን። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይባል የለም?

ደረጃ ወይም ከፍታ ሲወጡ ደህናው እግር ይቀድማል። ከዚያ የታከመው እግር፣ ከዚያ ምርኩዙ ይከተላል። ሲወርዱ ምርኩዙ ይቀድማል። ከዚያ የታከመው እግር፣ በመጨረሻ ደህናው ይወርዳል። በአጭሩ ለመያዝ፦ ደህናው ያወጣል፣ የታከመው ይወርዳል።

ለመዞር ሲፈልጉ በታከመው እግር ላይ ቆሞ መሽከርከር አይገባም። በትንንሽ እርምጃ ዞር ዞር ማለት ይሻላል።

በቤት ውስጥ

የአገራችን መቀመጫ ዝቅ ያለ ነው። ዱካውም በርጩማውም ጉልበትን ከዳሌ በላይ ከፍ ያደርጋል። ለአዲስ ዳሌ ይህ አደገኛ ነው፤ ኳሱ ከቦታው ሊወልቅ ይችላል። ስለዚህ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከጉልበት ከፍ ያለ ጠንካራ ወንበር ይዘጋጅ። በመጸዳጃ ቤትም ቁጢጥ ማለት አይገባም። መካከሉ የተበሳ ወንበር አናጢ ይሥራ። እግር ማነባበርና የወደቀ ነገር ለማንሣት ማጎንበስም ይቅር፤ ልጆች ያንሡ። ስግደትም ሐኪም እስኪፈቅድ ይቆይ። ከፍ ባለ ወንበር ተቀምጦም መጸለይ ይቻላል።

መሬት ላይ የተነጠፈ አጎዛ፣ የተጣለ ገመድ፣ የፈሰሰ ውኃ ሰው ይጥላል። ከመንገድ ይነሣ። ሌሊት ወደ ውጭ ሲወጣ ባትሪ ይያዝ፤ የቤት ሰውም ይከተል። ምርኩዝ የያዘ ሰው በሌላው እጁ እንስራ ወይም ሸክም አይያዝ። ቀላል ዕቃ ከሆነ በትከሻ በሚወርድ ከረጢት ያድርገው።

ሐኪም ዘንድ መሄድ የሚያስፈልገው መቼ ነው?

ቁስሉ ከቀላ፣ መግል ካወጣ ወይም ትኩሳት ከያዘው በፍጥነት ወደ ሐኪም ይሂድ። ባቱ አብጦ ካመመው ደም ረግቶ ሊሆን ይችላል። ደረቱን ከወጋው ወይም ትንፋሽ ካጠረው አንድ ሰዓት እንኳ አይቆይ። ድንገት ክፉኛ አሞት መቆም ካቃተው፣ ወይም እግሩ አጥሮ ከታየ ዳሌው ወልቆ ሊሆን ይችላል።

በዚህ ጊዜ ወጌሻ አይጠራ። ወጌሻ ሕዝብን ለብዙ ዘመን ያገለገለ ባለሙያ መሆኑን እናውቃለን። ነገር ግን እጁ የለመደው የተፈጥሮ አጥንትን ነው። በውስጥ የተተከለውን ብረት አያውቀውም። ቢጎትተው ወይም ቢጠመዝዘው ጉዳቱን ያብሰዋል።

ምርኩዝ አያሳፍርም

እኚያ አዛውንት ይህን ሁሉ ከሰሙ በኋላ ምርኩዙን ወደ ግራ እጃቸው አዛወሩ። በክፍሉ ውስጥ ወዲያና ወዲህ ተመላለሱ። ማጋደላቸው ቀነሰ። «አሃ! ያጋደለውን ቤት ነው ለካ የምደግፈው» አሉ።

ትንሽ ቆይተው ግን «የገበያ ዕለት ትቼው ልሄድ አስቤያለሁ። ሰው ሽባ ሆነ ይለኛል» አሉን። የፈራነውም ይህን ነበር። በገበያ ግፊያ መካከል ቢወድቁ የዳሌያቸው መገጣጠሚያ ሊወልቅ፣ አጥንታቸውም ሊሰበር ይችላል። የተሸጠው በሬም ከንቱ ይቀራል።

መልሱን የሰጧቸው ከኋላ የተቀመጡ አንዲት እናት ናቸው። «ካህናቱ መቋሚያ ተደግፈው ሌሊቱን ሙሉ ሲቆሙ ማን ሽባ ይላቸዋል? እርስዎም እስኪጠኑ ነው» አሏቸው። አዛውንቱ ሳቁ። የገበያ ዕለት በመንገድ ስናያቸው ምርኩዙ በግራ እጃቸው ነበር።

ምርኩዝ የሕክምናው ክፍል ነው። የሚተወውም ሰው ሲያየን ስላፈርን አይደለም። ሳናነክስ መራመድ ስንችልና ሐኪሙ «ይበቃል» ሲለን ነው።

ጥያቄዎች

1. ግራ ዳሌው የታከመ ሰው ምርኩዝ በየትኛው እጁ ይይዛል? ለምን?
2. ደረጃ ሲወጡ የትኛው እግር ይቀድማል? ሲወርዱስ?
3. በርጩማ ለአዲስ ዳሌ የማይስማማው ለምንድን ነው?
4. በቤታችሁ ውስጥ ምርኩዝ የያዘ ሰው ሊያደናቅፉ የሚችሉ ነገሮችን ቁጠሩ። ዛሬውኑ ማንሣት የምትችሉት የትኛውን ነው?