ስማቸውን ሸጠው ከስማቸው ጋር የተወዳደሩት ፌንደር

ሁለት የቤዝ ጊታር ተጫዋቾች ለቡና ከተቀመጡ ወሬው የሚጀመረው ስለ ዜማ አይደለም፤ ስለ ዕቃ ነው። የትኛው ማርካ ይሻላል? አምፕሊፋየርህ ስንት ዋት ነው? የድሮውን ለምን ሸጥከው? ጨዋታው እየረዘመ ሲሄድ ደግሞ አንዱ «ፌንደሩ ከሲ.ቢ.ኤስ. በፊት የተሠራው ነው ወይስ በኋላ?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም። ለማያውቀው ሰው ይህ የሙዚቀኞች ቅንጦት ይመስለዋል። የዚህ ገጽ አንባቢ ግን ጥያቄውን ሰምቶ ማለፍ የለበትም። ማርካ ሲሸጥ ገዢው በእርግጥ የሚረከበው ምንድን ነው? ቤዝ ተጫዋቾቹ ሳያውቁት የሚከራከሩት በዚህ ላይ ነው።

ነገሩን ከሥሩ እንያዘው። (ዓመታቱ፣ ዓ.ም. ከተባለው በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ሚስተር ሊዮ ፌንደር በካሊፎርኒያዋ ፉለርተን ከተማ የራዲዮ ጥገና ሱቅ የነበራቸው ሰው ነበሩ። የተማሩት የሒሳብ መዝገብ አያያዝ ሲሆን ጊታር መጫወት አይችሉም ነበር። በዚያን ዘመን የባንዱን ወፍራም ድምፅ የሚያወጣው ሰው የሚያህለው፣ ቆመው የሚመቱት ኮንትራባስ ነበር። ለመጓጓዣ አስቸጋሪ ነው፤ ከበሮና ጥሩምባ ሲበረታም ድምፁ ይዋጣል። ሚስተር ፌንደር በ1951 ፕሪሲዥን ቤዝ የተባለውን የኤሌክትሪክ ቤዝ ለገበያ አወጡ። በአንገቱ ላይ የብረት መስመሮች ስለተተከሉለት ጣት ትንሽ ቢስትም ድምፁ አይስትም፤ ስሙም የመጣው ከዚሁ ነው። በ1960 ጃዝ ቤዝ ተከተለ። ዛሬ በዓለም ላይ የሚሠራው አብዛኛው ቤዝ የእነዚህ የሁለቱ ልጅ ወይም የልጅ ልጅ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

በ1960ዎቹ መጀመሪያ ሚስተር ፌንደር በሕመም ተዳከሙ። የሽያጭ ሸሪካቸው ሚስተር ዶን ራንዳል በኋላ እንደተናገሩት፣ ድርጅቱን በ1.5 ሚሊዮን ዶላር እንዲገዟቸው ሐሳብ አቅርበውላቸው ነበር። ራንዳል ግን ሌላ ገዢ ፈለጉ። በጥር 1965 ትልቁ የቴሌቪዥንና የሸክላ ኩባንያ ሲ.ቢ.ኤስ. ፌንደርን በ13 ሚሊዮን ዶላር ገዛ። ዋጋውን ለማመዛዘን ያህል፣ ይኸው ኩባንያ በ1964 ለስመ ጥሩው የኒው ዮርክ ያንኪስ የቤዝቦል ቡድን 80 በመቶ ድርሻ የከፈለው 11.2 ሚሊዮን ዶላር ነበር። የጊታር ፋብሪካ ከያንኪስ በልጦ ተሸጠ ማለት ነው።

ቀጥሎ የመጣው ትልልቅ ድርጅቶች ትንንሾቹን ሲውጡ የሚታየው ነው። ምርቱ በዛ፣ ወጪው ተቆጠረ። ስሱ የናይትሮ ቀለም በወፍራም ፖሊየስተር ተተካ። በ1970ዎቹ ደግሞ የጃዝ ቤዙን አንገት ከአካሉ ጋር የሚያያዙት አራት ብሎኖች ወደ ሦስት ወረዱ። አንዲት ብሎን! ሒሳብ ሠራተኛው ተደስቶ ይሆናል፤ ተጫዋቹ ግን አንገቱ ሲነቃነቅ እጁ ላይ ያውቀዋል። «ከሲ.ቢ.ኤስ. በፊት» የሚለው አነጋገር በሙዚቀኞች ዘንድ የዋጋ መለኪያ የሆነው በዚህ ሳቢያ ነው።

ሻጩስ? ሚስተር ፌንደር ከሕመማቸው አገገሙ። በውሉ መሠረት ለ10 ዓመት ላይወዳደሩ ተስማምተው ነበርና ጊዜው ሲያበቃ፣ በ1975፣ የቀድሞ ባልደረቦቻቸው ያቋቋሙት ሚዩዚክ ማን የተባለ ድርጅት ፕሬዚዳንት ሆኑ። በ1976 ስቲንግሬይ የተባለውን ቤዝ አወጡ። በውስጡ በባትሪ የሚሠራ ትንሽ ማጉያ ስላለው ድምፁ ጥርት ብሎ ይወጣል። የሺክ ባንዱ በርናርድ ኤድዋርድስ በ1979 «ጉድ ታይምስ» በተባለው ዘፈን ላይ የመታው ይህን ቤዝ ነው። እንግዲህ ፌንደር የሚል ስም የያዘው ፋብሪካ በአንድ ወገን፣ ፌንደር የሚባሉት ሰው በሌላ ወገን ሆነው አንድ ገበያ ላይ ተፋጠጡ።

በሚዩዚክ ማንም ሸሪኮቹ አልተስማሙም። ሚስተር ፌንደር ከቀድሞ ባልደረባቸው ከጆርጅ ፉለርተን ጋር ሆነው ጂ ኤንድ ኤል የተባለ ሦስተኛ ማርካ አቋቋሙ። ዎርክሾፑ ይገኝበት የነበረው የፉለርተን መንገድ ማን ይባላል ቢሉ፣ ፌንደር አቬኑ! ስሙ ከመንገዱ ላይ አለ፤ ከጊታሩ አናት ላይ ግን እንደ ማርካ ሊጽፉት አይችሉም፤ ተሽጧላ። ሚዩዚክ ማንን በ1984 የክር አምራቹ ኤርኒ ቦል ገዛው። ሚስተር ፌንደር በ1991 እስከሞቱበት ጊዜ ድረስ ከመሥሪያ ጠረጴዛቸው አልራቁም።

ሲ.ቢ.ኤስ. በበኩሉ በ1985 ፌንደርን በ12.5 ሚሊዮን ዶላር በሚስተር ዊሊያም ሹልትስ ለሚመሩ የራሱ ሠራተኞች ሸጠ። ከ20 ዓመት በኋላ በግማሽ ሚሊዮን ቀንሶ ማለት ነው። በእነዚያ ዓመታት የዶላር የመግዛት አቅም ከሲሶ በታች ስለወረደ፣ ገንዘቡ በ1965 ዋጋ ሲመነዘር 4 ሚሊዮን እንኳ አይሞላም። በእርግጥ የፉለርተኑ ፋብሪካ በሽያጩ አልተካተተም፤ ስለዚህ ንጽጽሩ ሙሉ በሙሉ ትክክል አይደለም። ቢሆንም የገዢዎቹን አቋም ልብ ይበሉ፦ ስም አላቸው፣ የሚሠሩበት ፋብሪካ የላቸውም። ያዳናቸው በ1982 የተቋቋመው የጃፓን ሽርክና ነው። ኮሮና በተባለችው የካሊፎርኒያ ከተማ አዲስ ፋብሪካ ከፍተው እስኪደራጁ ድረስ ከሚሸጡት አብዛኛው ከጃፓን የመጣ ነበር። ያን ጊዜ «ርካሽ የጃፓን ሥሪት» ተብለው የተናቁት፣ ቁጥራቸው በጄ.ቪ. የሚጀምሩት ጊታሮችና ቤዞች፣ ዛሬ ሰብሳቢዎች የሚሻሙባቸው ናቸው። የተናቁት የ1970ዎቹ ፌንደሮችም እንዲሁ። ማርከስ ሚለር ስሙን ያስጠራው በ1977 ጃዝ ቤዝ ነው።

ይኸው ማርከስ ሚለር ለገበያ ተመልካች ሌላ ትምህርት አለው። ለብዙ ዓመታት በስሙ የሚሸጠው ቤዝ የፌንደር ነበር። በ2015 ግን ሳየር የተባለ የኮሪያ ድርጅት በኢንዶኔዥያ የሚያሠራውን ቤዝ በማርከስ ሚለር ስም አወጣ፤ ዋጋውም ከአሜሪካ ሥሪቱ ፌንደር ከግማሽ በታች። ብዙ ተጫዋች ወደዚያ ዞረ። ፌንደር አክሲዮኑን ለሕዝብ ሸጦ እስከ 200 ሚሊዮን ዶላር ለማሰባሰብ በመጋቢት 2012 ማመልከቻ አስገብቶ በሐምሌ መልሶ አንሥቷል። በ2020 አብላጫ ድርሻውን የያዘው ሰርቭኮ ደግሞ በሃዋይ ቶዮታ መኪና በመሸጥ የሚታወቅ ድርጅት ነው። የእኛ አገር መኪና ነጋዴዎች ይህን ሲሰሙ ፈገግ ይሉ ይሆናል።

የአምፕሊፋየሩ ታሪክ ከዚህም የተወሳሰበ ነው። በ1969 አምፔግ ኤስ.ቪ.ቲ. የተባለ 300 ዋት ማጉያ አወጣ፤ ለትልልቅ መድረኮች የቤዝ ድምፅ መለኪያ ሆነ። የአምፔግ ስም ግን ከመሥራቹ እጅ ከወጣ በኋላ በማግናቮክስ፣ በሴንት ሉዊስ ሚዩዚክና በላውድ ቴክኖሎጂስ እጅ አልፎ በ2018 ያማሃ ቤት ገብቷል። የእንግሊዙ ትሬስ ኤልየት በጊብሰን እጅ ሳለ ፋብሪካው ተዘጋ፤ ስሙን በኋላ ፒቪ ገዛው። ኤስ.ደብሊው.አር. የተባለውን ደግሞ ፌንደር ራሱ በ2003 ገዝቶ ቆየት ብሎ ምርቱን አቆመ። ገዝቶ መዝጋትም አንድ ዓይነት ውድድር ነው።

ተጫዋቾቹን ማርካ ያስቀየራቸው ግን ከባለቤት ይልቅ ክብደት ነው። ኤስ.ቪ.ቲ.ው ብቻውን ከ35 ኪሎ በላይ ይመዝናል፤ ስምንት ስፒከር ያለው ሳጥኑ 60 ኪሎ ያልፋል። ዛሬ 3 ኪሎ የማይሞላ፣ በትከሻ ቦርሳ የሚያዝ 500 ዋት ማጉያ አለ። ምሥጢሩ ኃይሉን በሰከንድ በብዙ ሺህ ጊዜ እያበሩ እያጠፉ ማስተላለፍ ነው፤ በዚህ ዘዴ ያ ከባድ ትራንስፎርመር ወደ ትንሽ ጥቅል ይለወጣል። ለዚህ የሚከፈለው ዋጋ ጥገናው ነው። የድሮው ሲበላሽ ራዲዮ የሚጠግን ሰው ከፍቶ ክፍሉን በክፍሉ ይለውጣል፤ አዲሱ ሲበላሽ ብዙ ጊዜ ሙሉ ካርዱ ይጣላል። በድሮው ወገን ያለው ችግር ደግሞ ቫልቩ ነው። በድሮ ራዲዮ ውስጥ እንደ አምፖል የሚበራው ይህ ዕቃ አሁን በብዛት የሚሠራው በሩሲያ፣ በቻይናና በስሎቫኪያ ብቻ ስለሆነ፣ በ2022 ሩሲያ የወጪ ንግዷን ስትገድብ የዓለም ጊታር ተጫዋች ሁሉ ደነገጠ።

ወደ አዲስ አበባ ስንመጣ ሒሳቡ በዶላር ይጀምራል። የሮሃ ባንድን ካሴት እየሰማ ያደገ ሰው ጆቫኒ ሪኮ የሚመታውን ቤዝ ከዘፈኑ ለይቶ ያውቀዋል፤ የዚያ ዓይነት ድምፅ ፍላጎት አለ። ዕቃው ግን ከውጭ ነው የሚመጣው። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ለገበያ ከመለቀቁ በፊት ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ነበርና የ1,500 ዶላር ቤዝ 85,500 ብር ነበር። በሳምንታት ውስጥ ምንዛሪው 100 ብር ሲሻገር ያው ቤዝ ቀረጥና ማጓጓዣ ሳይነካው 150,000 ብር አለፈ። ቀድሞ የገዛ ሙዚቀኛ ሳያስበው ዶላር ያስቀመጠ ሰው ሆነ ማለት ነው። በዚህ ጊዜ ማርካ ጌጥ አይደለም፤ ችግር ሲመጣ ቶሎ የሚሸጠው ስም ያለው ዕቃ ነውና። የማይታወቅ ማርካ በድምፁ ቢበልጥ እንኳ ገዢ እስኪገኝ ያስጠብቃል።

ከዋሽንግተን በዘመድ እጅ አምፕሊፋየር የሚያስመጣ ሰው ከጀርባው የተጻፈውን ቮልቴጅ አስቀድሞ ያስነብብ። 120 የሚለውን እዚህ በ220 ከሰካው ዕቃው በደቂቃ ይቃጠላል። ከአዳዲሶቹ ቀላል ማጉያዎች አንዳንዶቹ ከ100 እስከ 240 ቮልት ስለሚቀበሉ ከዚህ ጣጣ ነፃ ናቸው።

ያገለገለ ፌንደር የሚገዛ ደግሞ በአናቱ ላይ ያለው ስም በቀላሉ የሚለጠፍ ስስ ምልክት መሆኑን ይወቅ። ቁጥሩን ማየት ጥሩ ነው፤ የበለጠው ግን ክሩን አላልቶ፣ ብሎኖቹን ፈትቶ የአንገቱን ሥር ማየት ነው። በብዙዎቹ ላይ የተሠሩበት ጊዜ እዚያ በእርሳስ ወይም በማኅተም ሰፍሯል። ሻጩ ማስፈታት ካልወደደ ዋጋውን ማርካ እንደሌለው ቤዝ አድርጎ መነጋገር ነው።