ወላጅን በቢዝነስ ክላስ ማምጣት፦ ተረቱና እውነታው

ዋሽንግተንና አካባቢው፣ ሚኒያፖሊስ ወይም ፍራንክፈርት የሚኖሩ እህትና ወንድሞች ገንዘብ አዋጥተው ወላጆቻቸውን ሊያስመጡ ሲነሡ አንድ ክርክር አይቀርም። ኢኮኖሚ ይበቃል ወይስ ቢዝነስ ክላስ ይቆረጥላቸው? ክርክሩ የገንዘብ ብቻ አይደለም። ልጆች የእናትን የእግር እብጠት፣ የአባትን ደም ግፊት እያሰቡ ይጨነቃሉ። በጭንቀቱ ላይ ደግሞ ከዘመድ፣ ከሥራ ባልደረባ፣ ከቲክቶክ የተሰማው ሁሉ ይታከላል። «ፊት ያለው አየር ራሱ ሌላ ነው»፣ «ቢዝነስ የሄደ ሰው ደም አይረጋበትም»፣ «ላውንጅ የሚገባው ቢዝነስ የቆረጠ ብቻ ነው»። ከዚህ ጥቂቱ እውነት ነው፤ አብዛኛው ግን ተረት ነው። ጉዳዩን አጥብቄ የምይዘው በሁለቱ ትኬቶች የዋጋ ልዩነት ብዙ ጊዜ ሌላኛውን ወላጅ ጨምሮ ማምጣት ስለሚቻል ነው።

«ፊት ያለው አየር የተሻለ ነው»

አይደለም። የአውሮፕላን የውስጥ ግፊት ከአብራሪዎቹ ክፍል እስከ መጨረሻው ረድፍ አንድ ነው። አየሩ የሚያልፍበት ማጣሪያም 0.3 ማይክሮን የሚያህሉትን ብናኞች 99.97 በመቶ የሚያስቀር ሲሆን፣ ለሁሉም መንገደኛ የሚሠራ ነው። የአየሩ ድርቀትም እኩል ነው። እርጥበቱ ብዙ ጊዜ ከ20 በመቶ በታች ስለሚወርድ ከንፈርና ጉሮሮ የሚደርቀው ፊት ለተቀመጠውም ኋላ ለተቀመጠውም ነው።

ልዩነት የሚያመጣው የአውሮፕላኑ ዓይነት ነው። በቆዩት አውሮፕላኖች የውስጡ ግፊት በ8,000 ጫማ ማለትም በ2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለውን አየር ያህል ሊሳሳ ይችላል። ቦይንግ 787 እና ኤርባስ ኤ350 ላይ ግን ከ6,000 ጫማ ወይም ከ1,800 ሜትር ገደማ አያልፍም። የቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ደግሞ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍ ብሎ ነው ያለው። ስለዚህ ከአዲስ አበባ ተነሥተው በ787 ወይም በኤ350 የሚጓዙ እናት፣ አውሮፕላኑ 12 ኪሎ ሜትር ወደ ላይ በወጣበት ሰዓት እንኳ የሚተነፍሱት አየር ከሰፈራቸው አየር ይልቅ የወፈረ ነው ማለት ነው። «ሰማይ ላይ አየር ያጥራቸዋል» ብሎ ለሚሰጋ ቤተሰብ ይህ ትልቅ እፎይታ ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ 787ን ከአፍሪካ ቀዳሚ ሆኖ የተረከበው እ.ኤ.አ. በ2012፣ ኤ350ን ደግሞ በ2016 ነው፤ በረጅም ርቀት መስመሮቹም በብዛት የሚመደቡት እነዚህ ናቸው። የልብ ወይም የሳንባ ሕመም ላለበት ሰው እንግዲህ «ምን ክላስ?» ከማለት በፊት «ምን አውሮፕላን?» ብሎ መጠየቅ፣ ሐኪሙንም ማማከር ይበልጣል። ኦክስጅን የሚያስፈልገው ከሆነ በየትኛውም ክላስ ቢሄድ አየር መንገዱ የሐኪም ማስረጃ አስቀድሞ ይጠይቃል።

«ቢዝነስ ክላስ ከደም መርጋት ያድናል»

ልጆችን ከሁሉ የሚያስፈራቸው ደም መርጋት ነው። ደም መርጋቱ ራሱ እውነት ነው፤ ተረቱ ከኢኮኖሚ ወንበር ጋር ብቻ መያያዙ ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2007 ይፋ ያደረገው ጥናት እንደሚለው፣ አራት ሰዓትና ከዚያ በላይ የሚወስድ ጉዞ በደም ሥር ውስጥ የደም መርጋትን ዕድል በእጥፍ ገደማ ይጨምራል። ይህም በአውሮፕላን ብቻ ሳይሆን በመኪና፣ በአውቶቡስና በባቡርም ነው። ምክንያቱ ሳይንቀሳቀሱ ለረጅም ሰዓት መቀመጥ ነው። ዕድሉ በእጥፍ ጨመረ ሲባል ግን ከየት ተነሥቶ እንደሆነ ማየት ያሻል፤ ለጤነኛ ሰው ከ6,000 መንገደኞች በአንዱ ላይ የሚደርስ ነው። ከፍ የሚለው ሌላ ምክንያት ሲታከልበት ነው፤ ከባድ ውፍረት፣ የቅርብ ጊዜ ቀዶ ሕክምና፣ ካንሰር፣ የእርግዝና መከላከያ እንክብል፣ በቤተሰብ የሚወረስ የደም መርጋት ችግር። ቁመታቸው ከ1.60 ሜትር በታች የሆኑና ከ1.90 ሜትር በላይ የሆኑም ይበልጥ ይጋለጣሉ። ብዙዎቹ እናቶቻችን ከመጀመሪያዎቹ ወገን ናቸው። እግራቸው ወለሉን ሳይነካ ሲንጠለጠል የወንበሩ ጠርዝ ከጉልበታቸው ጀርባ ይጫናቸዋል። ትንሽ ቦርሳ ከእግራቸው ሥር ማድረግ ምንም ወጪ የለውም።

የአሜሪካ የደረት ሐኪሞች ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በ2012 ባወጣው መመሪያ፣ በኢኮኖሚ መጓዝ በራሱ ለደም መርጋት ይዳርጋል የሚያሰኝ አስተማማኝ ማስረጃ እንደሌለ ገልጿል። ዕድሉን ከፍ የሚያደርገው መስኮት በኩል መቀመጥ መሆኑንም አክሏል፤ መስኮት በኩል ያለ ሰው ጎረቤቱን ላለማስቸገር ሲል አይነሣማ። የእኛ እናቶች ደግሞ ሰው ማስቸገርን እንደ ነውር የሚቆጥሩ ናቸው። ሽንት ቤት ላለመመላለስ ውኃ የማይጠጡም አሉ። ቢዝነስ ክላስ ገብተው፣ አልጋው ተዘርግቶላቸው፣ አሥር ሰዓት ሳይንቀሳቀሱ የሚያሳልፉ ከሆነ አደጋው አብሯቸው ነው። እርግጥ እግርን ዘርግቶ መተኛት የእግር እብጠትን ይቀንሳል፤ ይህን መካድ አይገባም። ዋናው መከላከያ ግን በየሰዓቱ ወይም በየሁለት ሰዓቱ ተነሥቶ መራመድ፣ ተቀምጠውም ቁርጭምጭሚትን ማንቀሳቀስ ነው። ከጉልበት በታች የሚደርሰው ጠበቅ ያለ የሕክምና ካልሲም በረጅም በረራ የደም መርጋትን እንደሚቀንስ በጥናት ታይቷል። አስፕሪን ግን ያለ ሐኪም ትእዛዝ መስጠት አያስፈልግም።

መደምደሚያዬ አጭር ነው፤ ኮሪደር በኩል ያለ የኢኮኖሚ ወንበርና አብሮ የሚያስነሣቸው ሰው፣ መስኮት በኩል ካለ የቢዝነስ አልጋ ለደም ሥራቸው ይሻላል።

«ቢዝነስ የሚባል ሁሉ አልጋ ነው»

ሙሉ በሙሉ የሚዘረጋ አልጋ በቢዝነስ ክላስ የጀመረው ብሪቲሽ ኤርዌይስ ሲሆን፣ እሱም እ.ኤ.አ. በ2000 ነው። ዛሬ በረጅም በረራ የተለመደ ቢሆንም ሁሉም ዘንድ የለም። በቦይንግ 737 የሚሄዱ የአጭርና የመካከለኛ ርቀት በረራዎች ላይ ብዙ ጊዜ የሚገኘው ሰፋ ያለ፣ ወደኋላ የሚጋደም ወንበር ነው። በአውሮፓ ውስጥ በረራዎች ደግሞ ብዙ ጊዜ ተራው የኢኮኖሚ ወንበር ሆኖ፣ መካከለኛው ባዶ እንዲሆን ብቻ ይደረጋል። በፍራንክፈርት አቋርጦ ወደ ሌላ የአውሮፓ ከተማ የሚሄድ ሰው በአንድ ትኬት ሁለት የማይመሳሰሉ ቢዝነስ ክላሶች ይገጥሙታል።

አልጋም ሆኖ አቀማመጡ ይለያያል። የኢትዮጵያ አየር መንገድ 787 እና ኤ350-900 ላይ ክላውድ ናይን የሚባለው ቢዝነስ ክላሱ በአብዛኛው የተደረደረው ሁለት፣ ሁለት፣ ሁለት ሆኖ ነው። መስኮት በኩል የተቀመጠ ሰው ጎረቤቱ ከተኛ እግሩን ተሻግሮ ነው የሚወጣው፤ ጉልበት ለሚያማቸው አዛውንት ይህ ቀላል አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2024 መጨረሻ የገባው ኤ350-1000 ግን አንድ፣ ሁለት፣ አንድ ስለሆነ እያንዳንዱ መንገደኛ በቀጥታ ወደ ኮሪደር ይወጣል። ይህን ያህል ገንዘብ የሚከፍል ሰው የወንበሩን ካርታ ሳያይ ትኬት መቁረጥ የለበትም።

«አልጋ ላይ የተኛ ሰዓቱ አይዛባበትም»

የእንቅልፍ መዛባት የሚመጣው የሰውነት ሰዓት ከአገሩ ብርሃን ጋር ስላልገጠመ ነው። አዲስ አበባና ዋሽንግተን በበጋቸው ሰባት፣ በክረምታቸው ስምንት ሰዓት ይለያያሉ። ሰውነት ባጠቃላይ የአንድ ሰዓት ልዩነት ለማስተካከል አንድ ቀን ገደማ ይፈልጋል። ስለዚህ እናት በቢዝነስም በኢኮኖሚም ቢመጡ የመጀመሪያውን ሳምንት ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ነቅተው ጸሎት ቢያደርሱ አይግረማችሁ። የሚረዳቸው የቀን ብርሃን ነው፤ ቀን ቀን አውጥታችሁ አንሸራሽሯቸው። ድካሙ ወደ ምሥራቅ ማለትም ወደ አገር ቤት ሲመለሱ ይበረታል። ቴል አቪቭ ወይም ዱባይ ላለ ቤተሰብ ግን ልዩነቱ ቢበዛ አንድ ሰዓት ነው፤ በዚያ መስመር የሚሰማቸው ተራ የመንገድ ድካም ነው።

«እንቅልፍ እንዲወስዳቸው ትንሽ ወይን ይጠጡ» የሚለውም ምክር ይቅር። በጀርመን የአየርና የሕዋ ማዕከል እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣ ጥናት ጤናማ ወጣቶች በበረራ ግፊት ጠጥተው ሲተኙ የደማቸው የኦክስጅን መጠን ወደ 85 በመቶ ገደማ እንደወረደና የልብ ምታቸው እንደፈጠነ አሳይቷል። ወጣቱን እንዲህ ካደረገ ለአዛውንት ልብ ምን እንደሚሆን ማሰብ አያቅትም።

«ላውንጅ ለቢዝነስ ብቻ ነው»

ላውንጅ ከቢዝነስ ክላስ በዕድሜ ይበልጣል። አሜሪካን ኤርላይንስ የመጀመሪያውን የመንገደኞች ክለብ በኒውዮርክ ላጓርዲያ የከፈተው እ.ኤ.አ. በ1939 ሲሆን፣ ያኔ የሚገባው በግብዣ ብቻ ነበር። ቢዝነስ ክላስ የሚባለው ራሱ የመጣው በ1970ዎቹ መጨረሻ ነው።

ዛሬ መግቢያው ብዙ ነው። ገንዘብ ከፍለው የሚገቡባቸው ላውንጆች አሉ፤ በአንዳንድ የባንክ ካርዶችና ፕራዮሪቲ ፓስ በሚባለው የላውንጅ አባልነት የሚገባባቸውም አሉ። ብዙ ቤተሰብ የማያውቀው ግን የአባልነቱ ጉዳይ ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ እ.ኤ.አ. ከታኅሣሥ 2011 ጀምሮ ስታር አሊያንስ የሚባለው የአየር መንገዶች ኅብረት አባል ነው። ሼባ ማይልስ በሚባለው የአየር መንገዱ የደንበኞች ፕሮግራም የወርቅ ደረጃ አባል የሆነ ሰው በኢኮኖሚ ትኬት እየተጓዘ እንኳ ላውንጅ ይገባል፤ በዚያው ጉዞ አብሮት የሚሄድ አንድ እንግዳም ያስገባል። የቢዝነስ ክላስ ትኬት የያዘ ሰው ግን የሚያስገባው ራሱን ብቻ ነው። አዘውትሮ የሚመላለስ ልጅ ያለው ቤተሰብ እንግዲህ ያ ልጅ በኢኮኖሚ አብሯቸው ቢጓዝ እናቱን ይዞ ቦሌ ላውንጅ ገብቶ ቡና ሊያጠጣቸው ይችላል።

ሁለት ማስጠንቀቂያ ግን አለኝ። አንደኛ፣ በብዙ ላውንጆች የመሳፈሪያ ጥሪ አይሰማም። «ይጠሩኛል» ብሎ በእርጋታ የተቀመጠ ሰው በረራው ሊያልፈው ይችላል፤ ቋንቋውን ለማያውቅ ወላጅ ይህ እውነተኛ አደጋ ነው። ሁለተኛ፣ መብቱ በአብዛኛው ለሚነሡበት ጣቢያ እንጂ ለሚያርፉበት አይደለም። ዋሽንግተን ደለስ አውሮፕላን ማረፊያ ሲደርሱም የኢሚግሬሽኑ ሰልፍ የቢዝነሱንም የኢኮኖሚውንም አይለይም።

«ቢዝነስ ከሆነ ቀጥታ ይበራል»

ክላሱ ከዚህ ጋር ምንም አያገናኘውም። ከአዲስ አበባ ወደ አሜሪካ ሲሄዱ በተለያዩ ዓመታት ሮም፣ ደብሊን ወይም ሎሜ ላይ ነዳጅ ለመቅዳት መቆም የተለመደው በቦሌ ከፍታ ምክንያት ነው። አየሩ ስስ ስለሆነ ክንፉም ሞተሩም የሚያነሡት ክብደት ይቀንሳል፤ ሙሉ መንገደኛና ለመላው መንገድ የሚበቃ ነዳጅ አንድ ላይ ይዞ መነሣት ያስቸግራል። ከዋሽንግተን ሲመለሱ ግን ማኮብኮቢያው ለባሕር ጠለል የቀረበ ስለሆነ ብዙ ጊዜ በቀጥታ ይመጣሉ።

«ሱፍ ከለበስክ ወደ ቢዝነስ ያሳልፉሃል»

አያሳልፉም። ኢኮኖሚ ሲሞላ ማን ወደፊት ይለፍ የሚለውን በአብዛኛው የሚወስነው የኮምፒውተሩ ዝርዝር ነው፤ የአባልነት ደረጃና የትኬቱ ዓይነት ይቀድማሉ። ብዙ አየር መንገዶች የቀሩ የቢዝነስ ወንበሮችን በጨረታ ወይም በማይል ይሰጣሉ፤ ሙከራ ከሆነ በዚያ በኩል ይሻላል።

«ዊልቸርና የጾም ምግብ ቢዝነስ ላይ ነው የሚገኘው»

ይህ ተረት ያስቆጨኛል፤ የሚጎዳው ደካሞቹን ነውና። ዊልቸር ለማንኛውም ክላስ መንገደኛ ያለ ክፍያ የሚሰጥ አገልግሎት ነው። በአሜሪካም በአውሮፓ ኅብረትም በሕግ የተደነገገ ነው፤ በአውሮፓ ከ48 ሰዓት በፊት ማስታወቅ ይጠበቃል። የሚገፋቸው ሠራተኛ ከመግቢያው እስከ አውሮፕላኑ በር፣ ሲደርሱም በኢሚግሬሽንና በሻንጣ መቀበያ በኩል አብሯቸው ይሄዳል። እንግሊዝኛ ለማይችሉ ወላጆች ከአልጋው በላይ የሚጠቅማቸው ይህ ነው።

ጾሙም እንዲሁ ነው። ቢዝነስ ስለተቆረጠ የጾም ምግብ በራሱ ይመጣል ማለት አይደለም። አብዛኛው አየር መንገድ ከበረራው ቢያንስ 24 ሰዓት በፊት እንዲታዘዝ ይፈልጋል፤ በጉዞ ወኪሎች ዘንድ መለያው «ቪ.ጂ.ኤም.ኤል» ነው፤ ሥጋም ወተትም እንቁላልም የለበትም። ትኬቱን ስትቆርጡ ይህ መለያ መግባቱን አረጋግጡ።

ቢዝነስ ክላስ የሚሸጠው ሰፊ ቦታ፣ የሚተኙበት ወንበር፣ አጭር ሰልፍ፣ የተሻለ ማዕድና ተጨማሪ ሻንጣ ነው። አቅም ላለው ይህ ሁሉ የሚገባ ነው፤ ወላጅን ማክበርም ነው። ጤና ግን አብሮ አይሸጥም። አቅሙ የሌላችሁ ልጆች ኢኮኖሚ ስለቆረጣችሁላቸው አትሳቀቁ። ዛሬውኑ ወደ አየር መንገዱ ወይም ወደ ጉዞ ወኪላችሁ ደውሉና ኮሪደር በኩል ወንበር፣ ዊልቸርና የጾም ምግብ አስመዝግቡላቸው፤ ካልሲውንም ከመድኃኒት ቤት ገዝታችሁ ከመነሣታቸው በፊት ላኩላቸው።