ስለ ፒያኖ የሚወራውና እውነታው

“የፒያኖ ጥቁር ቁልፎች የሐበሻ ናቸው” የሚል አባባል ኪቦርድ በሚለማመዱ ልጆች ዘንድ አለ። መነሻው እውነት ነው። ጥቁሮቹን ብቻ በተርታ የነካ ሰው ትዝታ ሜጀርን ያገኛል። ስህተቱ “ስለዚህ ቅኝታችን ሁሉ እዚያው ነው” የሚለው ነው። አምባሰል ከዶ ሲጀመር ዶ፣ ሬ ቤሞል፣ ፋ፣ ሶል፣ ላ ቤሞል ይሆናል፤ ሦስቱ ነጭ፣ ሁለቱ ጥቁር። አንቺሆዬም እንደዚሁ ከሁለቱም ይወስዳል። ከየትኛውም ጥቁር ቁልፍ ብንነሳ ነጩን ሳንነካ ሁለቱን አናገኛቸውም።

የግራንድ ፒያኖን ክዳን ከፍቶ ያየ ደግሞ “የተጋደመ በገና” ይለዋል። ክሮቹ ይመሳሰላሉ፣ አሠራሩ ግን የተለየ ነው። በገና በጣት ይደረደራል። ከፒያኖ በፊት የነበረው ሃርፕሲኮርድም ክሩን በላባ ዘንግ ይቆነጥር ስለነበር፣ ቁልፉን ቢደቁሱትም ቢዳስሱትም ድምፁ ያው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1700 አካባቢ ፍሎረንስ ውስጥ ለሜዲቺ ቤተሰብ ይሠራ የነበረው ባርቶሎሜዮ ክሪስቶፎሪ መቆንጠጡን ትቶ በመዶሻ መምታትን አመጣ። በ1720 የሠራው ፒያኖ ዛሬም ኒው ዮርክ፣ በሜትሮፖሊታን ሙዚየም ይገኛል።

የክሪስቶፎሪ ትልቁ ብልሃት መዶሻውን መልቀቁ ላይ ነው። መዶሻው ክሩ ላይ ተጭኖ ቢቀር ያወጣውን ድምፅ መልሶ ያፍነዋል። ስለዚህ ጣት ቁልፉን ሲጫን የቁልፉ የኋላ ጫፍ ይነሳና መዶሻውን ወደ ላይ ይገፋዋል፤ ክሩን ሊነካ አንድ ሁለት ሚሊሜትር ያህል ሲቀረው ግን ገፊው ዘንግ ይንሸራተትና ይለቀዋል። የቀረችውን መንገድ መዶሻው ብቻውን ይወረወራል፣ ይመታል፣ ይመለሳል። የማሽላ ጠባቂ ድንጋዩን ከወንጭፉ ከለቀቀ በኋላ ምንም ማድረግ እንደማይችል ሁሉ፣ ፒያኒስቱም መዶሻው ካመለጠ በኋላ በምቱ ላይ ሥልጣን የለውም። በ1821 የፓሪሱ ሴባስቲያን ኤራር ቁልፉ ሙሉ በሙሉ ሳይነሳ መዶሻው ደግሞ እንዲመታ የሚያስችል ስልት ጨመረበት። የዛሬ ግራንድ ፒያኖዎች የሚሠሩት በዚያው መንገድ ነው።

ይህን የተረዳ ሰው፣ ቁልፉን ጠበቅ አድርጎ መያዝ ድምፁን ያጎለብታል የሚለውን አይቀበልም። የፒያኖ ድምፅ ከተመታበት ቅጽበት ጀምሮ እየከሰመ ይሄዳል። ጣት የሚወስነው መዶሻው የሚወረወርበትን ፍጥነትና ድምፁን የሚያቆመው ማፈኛ ወደ ክሩ የሚመለስበትን ጊዜ ነው። ቀኙ ፔዳልም ድምፅ መጨመሪያ አይደለም። ማፈኛዎቹን በሙሉ ከክሮቹ ላይ ያነሳል፤ የተመታው ድምፅ ይቆያል፣ ያልተመቱትም ክሮች አብረው ያስተጋባሉ።

ሌላው፣ ፒያኖ የእንጨት ዕቃ ነው መባሉ ነው። ውጪው እንጨት ነው። ወደ 230 የሚጠጉት የብረት ክሮች ግን በድምሩ ወደ 20 ቶን በሚጠጋ ኃይል ስለሚወጠሩ፣ ያንን የሚችለው ውስጡ ያለው አንድ ወጥ ሆኖ የፈሰሰ የብረት ማዕቀፍ ነው።

ወደ እኛ ሀገር ስመጣ፣ በጣም የሚቆጨኝ ስለ ፒያኒስቷ መነኩሴ ስለ እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ የሚነገረው ነው። ፒያኖን ገዳም ውስጥ፣ ያለ አስተማሪ እንዳገኙት ተደርጎ ይወራል፤ ይህ የደከሙበትን ትምህርት ይሰርዝባቸዋል። እ.ኤ.አ. በ1923 አዲስ አበባ ተወልደው፣ በልጅነታቸው ስዊዘርላንድ ተልከው ሙዚቃ ተማሩ። ከጣሊያን ወረራ በኋላ ካይሮ ውስጥ በፖላንዳዊው ቫዮሊኒስት በአሌክሳንደር ኮንቶሮዊች ሥር ተማሩ። ግሸን ማርያም የገቡት ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው፤ እዚያም አሥር ዓመት ያህል በባዶ እግራቸው ሲኖሩ ከፒያኖ ርቀው ነበር። በኋላ ጎንደር ሆነው የቅዱስ ያሬድን ዜማ አጠኑ። ደጅ የሚያድሩትን የቆሎ ተማሪዎች አይተው፣ እ.ኤ.አ. በ1967 ጀርመን ውስጥ ያሳተሙትን የመጀመሪያ ሸክላቸውን ገቢ ለእነሱ መርጃ አደረጉት።

እነዚያ ተማሪዎች ድጓን ለማስመስከር የሚሄዱት ጋይንት፣ ቤተልሔም ነው፤ ዝማሬና መዋሥዕትን ለማስመስከር ደግሞ ዙር አምባ። በዚህ ምድር ያደገ ሰው “ፒያኖ የእኛን ዜማ አይችለውም” ቢል አልፈርድበትም፤ ከፊሉ እውነት ነውና። ድጓው ላይ ያሉት ርክርክ፣ ሂደት፣ ድፋት የተባሉት ምልክቶች ድምፁ እንዴት እንደሚጓዝ ያዛሉ፤ የመሪጌታ ጉሮሮም ከአንዱ ድምፅ ወደ ሌላው ሳይቋረጥ ይንሸራተታል። ማሲንቆ ይህን ይከተላል፣ ጣት በፈረስ ጭራው ላይ ይሳባልና። ፒያኖ ግን በሁለት ቁልፎች መካከል ምንም የለውም። በዚያ ላይ ኦክታቩን በ12 እኩል ክፍል ቆርጦታል፤ በጆሮ የሚቃኝ ክራርና በገና ለዚህ ልክ አይገዛም።

ስለዚህ ድጓን በፒያኖ ማስተማር አይቻልም፤ ቢሞከርም ተማሪው የሚወስደው የተቆራረጠ ዜማ ይሆናል። ለፒያኖ ተብሎ የሚደረሰው ግን ሌላ ሥራ ነው። እማሆይ መንሸራተቱን በጥቃቅንና ፈጣን ድምፆች ተክተውታል፤ ቀኝ እጃቸው ዋናው ድምፅ ላይ ከማረፉ በፊት ዙሪያውን ይዳስሳል። በልጅነቱ ክራር ይጫወት የነበረው፣ ኋላም ቡልጋሪያ ሶፊያ የተማረው ፒያኒስት ግርማ ይፍራሸዋም አምባሰልን ለፒያኖ ሲደርስ የሚከስመውን ድምፅ በግራ እጁ ሥራ ይደግፈዋል። ሁለቱም መዶሻው የማይችለውን አውቀው፣ በሚችለው ነው የጻፉት።