የኤኮኖሚ ቀውስና የቴነሲ ሸለቆ ትምህርት

የኤኮኖሚ ቀውስ በተነሣ ቁጥር በቅድሚያ መጠየቅ ያለበት፣ የቀውሱን ዕዳ የሚከፍለው ማን ነው የሚለው ጥያቄ ነው። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1929 የኒውዮርክ የአክሲዮን ገበያ ሲወድቅ የተጎዱት አክሲዮን የነገዱት ብቻ አልነበሩም። በ1933 በአሜሪካ ከአራት ሠራተኞች አንዱ ያህል ሥራ አጥ ነበር። ገበሬው ለእህሉ ገዢ ሲያጣ፣ የከተማው ሠራተኛ ለዳቦ ይሰለፍ ነበር።

የዚህ ቅራኔ ምንጭ ምንድን ነው? ማርክስ ቀደም ብሎ በ19ኛው ክፍለ ዘመን፣ ቀውስ ምርት ለትርፍ ከሚካሄድበት ከካፒታሊዝም ከራሱ ባሕርይ ይመነጫል ብሎ ነበር። ሃየክ በበኩሉ ጥፋቱን በርካሽ ብድር ያለ ልክ በተስፋፋው መዋዕለ ንዋይ ላይ ጣለ። ኬንስ በ1936 ባሳተመው መጽሐፉ፣ የመግዛት አቅም ሲወድቅ ገበያው በራሱ ስለማያንሰራራ መንግሥት ገንዘብ አውጥቶ ሥራ መክፈት አለበት አለ። ፍሪድማንና ሽዋርትዝ በ1963፣ ማዕከላዊው ባንክ የገንዘብ መጠን ሲመነምን እጁን አጣጥፎ መመልከቱን ዋነኛ ምክንያት አደረጉት።

ንድፈ ሐሳብ የሚፈተነው ግን በተግባር ነው። በግንቦት 1933 የቴነሲ ሸለቆ ባለሥልጣን በሕግ ተቋቋመ። ተግባሩም ሰባት ክፍላተ ግዛትን በሚነካው በዚህ ድሀ ሸለቆ ጎርፍን መግታት፣ የተሸረሸረውን አፈር ማዳን፣ ማዳበሪያና የኤሌክትሪክ ኃይል ማምረት ነበር። የግድቦቹን የውሃ ከፍታ እያፈራረቁ በመለወጥ የወባ ትንኝ መራቢያ እንዲደርቅ ተደረገ። በዚያን ጊዜ በአገሪቱ ከአሥር የገበሬ ቤቶች ዘጠኙ ያህል መብራት አልነበራቸውም፤ ስለሆነም ለሸለቆው ሕዝብ የመጣው ለውጥ መሠረታዊ ነበር።

ይሁንና ዕዳው አሁንም በድሀው ላይ ወደቀ። በ1936 ለተጠናቀቀው ለኖሪስ ግድብ ወደ 3,000 የሚጠጉ ቤተሰቦች ከቀያቸው ተነሡ። ባለመሬቱ የመሬቱን ዋጋ ሲቀበል፣ መሬት ያልነበረው ጭሰኛ ግን ለለቀቀው እርሻ ካሣ አላገኘም። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላም ተቋሙ ወደ ድንጋይ ከሰል አዘነበለ። ዓለም በሌላ የገንዘብ ቀውስ በተናጠበት በ2008፣ በወርኃ ታኅሣሥ፣ በኪንግስተን የከሰል አመድ ማከማቻው ተደርምሶ ከ4 ሚሊዮን ሜትር ኩብ በላይ አመድ በመሬትና በወንዝ ላይ ፈሰሰ። አመዱን ካጸዱት ሠራተኞች ብዙዎቹ ታመው ክስ መሥርተዋል።

ከዚህ የምንረዳው፣ ዕቅድ ብቻውን ፍትሕን እንደማያረጋግጥ፣ ያለ ዕቅድም ችግረኛ አካባቢ ከቀውስ እንደማይወጣ ነው። ስለዚህ የቀበሌ ማኅበርተኛም ሆነ የፋብሪካ ሠራተኛ ስለ ልማት ሲወያይ ሁለት ጥያቄዎችን ማንሣት ይገባዋል፦ መሬት የሌለው ተነሺ በካሣው መዝገብ ላይ ሰፍሯልን? ከሃምሳ ዓመት በኋላ የሚቀረውን ቆሻሻስ የሚያነሣው ማን ነው? ለነዚህ መልስ የሌለው ልማት የቀውሱን ዕዳ ለልጆች ከማስተላለፍ አያልፍም።