የጡት ካንሰር ናሙና ሁለተኛው ምርመራ

በአዲስ አበባው ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል፣ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሐኪሞች ከጀርመኑ ሃሌ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ጋር ሆነው የሠሩት አንድ ጥናት አለ። የጡት ካንሰር የተገኘባት ሴትና ቤተሰቧ ሊያውቁት ይገባል።

የአፍሪካውያን ሴቶች የጡት ካንሰር በአብዛኛው በሆርሞን ሕክምና የማይመለስ ዓይነት ነው የሚል ግምት በብዙዎች ዘንድ ነበር። እ.ኤ.አ. ከ2005 እስከ 2010 ሆስፒታሉ ከመጡት ታካሚዎች መካከል የ352ቱ ውጤት ሲታይ ግን፣ 65 በመቶው ዕጢያቸው የኢስትሮጅን ተቀባይ ያለው ሆኖ ተገኘ። ጥናቱ በ2014 ታተመ።

እንዲህ ያለው ካንሰር የሚያድገው ሰውነት በሚያመነጨው ኢስትሮጅን በሚባል ሆርሞን እየታገዘ ነው። ታሞክሲፈን የሚባለው ክኒን ሆርሞኑ የሚያርፍበትን ቦታ፣ ማለትም ተቀባዩን፣ ቀድሞ ይይዝበታል። በቀን አንዴ፣ አብዛኛውን ጊዜ ለአምስት ዓመት የሚዋጥ ነው፤ ከብዙዎቹ የካንሰር መድኃኒቶች አንጻርም ዋጋው ርካሽ ነው። ተቀባዩ ለሌለው ካንሰር ግን አይጠቅምም። ስለዚህ «ካንሰር ነው» የሚለው ውጤት ብቻውን አይበቃም፤ የትኛው ዓይነት እንደሆነም መታወቅ አለበት።

ምርመራው የሚሠራው ከዕጢው በተወሰደው ናሙና ላይ ነው። ናሙናው ፎርማሊን ውስጥ ይቆይና በሰም ውስጥ ይቀበራል፤ ከዚያ እጅግ ስስ ሆኖ ተቆርጦ መስታወት ላይ ይደረጋል፤ ልዩ ማቅለሚያም ይጨመርበታል። ተቀባይ ያላቸው ሴሎች አስኳላቸው በማይክሮስኮፕ ቡናማ ሆኖ ይታያል። እዚህ ላይ ትልቅ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፦ ናሙናው ፎርማሊን ውስጥ ሳይገባ ከዘገየ ተቀባዩ ይበላሽና ያለው እንደሌለ ሆኖ ሊነበብ ይችላል። በዚህ ምክንያት የሚረዳትን መድኃኒት የምታጣ ሴት አለች ማለት ነው። የናሙናውን ብልቃጥ ወደ ላብራቶሪ የምታደርሱት እናንተ ከሆናችሁ ፎርማሊን ውስጥ መግባቱን ጠይቃችሁ በዚያው ቀን አድርሱ።

እዚያው ጥቁር አንበሳ 1,070 ሴቶችን የተከታተለ ሌላ ጥናት ደግሞ የካንሰራቸው ደረጃ ከታወቀው መካከል 71 በመቶው ሦስተኛ ደረጃ ላይ ሆነው እንደመጡ አሳይቷል። የዕጢው መካከለኛ መጠን 5 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነበር። ይህን ያህል እስኪያድግ የተጠበቀው ብዙ ጊዜ ስለማያም ይመስለኛል።

እህቶቼ፣ ጡታችሁ ላይ እብጠት ከዳሰሳችሁ ባያማችሁም ዛሬውኑ ታዩ። ካንሰር ነው ከተባለም ሐኪማችሁን «የሆርሞን ተቀባይ ምርመራው ተሠርቷል ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ።