ቻው

ስልክ ከመዝጋታችን በፊት ሁለት ሦስቴ የምንደጋግማት «ቻው» እንደ ፉርኖና እንደ ጎሚስታ ከጣልያንኛ የመጣች ናት። ጣልያኖቹ ራሳቸው ግን ያገኟት ከቬኒስ ነው።

የቬኒስ ሰዎች በቋንቋቸው ለሚያከብሩት ሰው «ስቻቮ ቮስትሮ» ይሉ ነበር፤ «ባሪያዎ ነኝ» ማለት ነው። ማንም የምሩን ባሪያ ነኝ ማለቱ አልነበረም፤ ወጉ ነው። ደብዳቤውን «ታዛዥ አገልጋይዎ» ብሎ ይፈርም የነበረ የኛ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም። እያደር «ቮስትሮ» ተተወች፤ የ«ስቻቮ»ም ዳርና ዳሩ በአፍ ተበልቶ «ቻኦ» ቀረ።

«ስቻቮ» ከየት መጣች ሲባል ነገሩ ይከብዳል። በመካከለኛው ዘመን በአውሮፓ ለባርነት ከተሸጡት ብዙዎቹ ስላቮች ስለነበሩ፣ በላቲን «ስክላቩስ» የተባለው የሕዝቡ ስም የባሪያ መጠሪያ ሆነ። የእንግሊዝኛው «ስሌቭ»፣ የፈረንሳይኛው «ኤስክላቭ»፣ የጀርመንኛው «ስክላቨ» ሁሉ ከዚሁ የተቀዱ ናቸው። ቬኒስ ውስጥ በውኃው ዳር «ሪቫ ዴሊ ስኪያቮኒ» የሚባል ጎዳና ዛሬም አለ፤ ስሙ ከአድሪያቲክ ባሕር ማዶ፣ ከዳልማሺያ፣ እየመጡ ይነግዱበት የነበሩትን ስላቮች ያስታውሳል። ነጋዴው በስሙ ሲጠራ፣ ባሪያው ሲሸጥ፣ ጨዋው እጅ ሲነሳ ያው አንድ ሥር ነበር።

እኔን የሚገርመኝ ስላቮቹ ራሳቸው ቃሏን መልሰው መውሰዳቸው ነው። ቼኩ «ቻው»፣ ቡልጋሪያዊው «ቻኦ» ይላል፤ ቅር የሚለው ሰው ያለ አይመስልም። ጣልያን ሲገናኝም ሲለያይም ይጠቀምባታል፤ ቡልጋሪያ፣ ብራዚልና እኛ ለስንብት አድርገናታል። ኦስትሪያና ባቫሪያ በሌላ መንገድ እዚያው ደርሰዋል፤ ሰላምታቸው «ሰርቩስ» በላቲን አገልጋይ ወይም ባሪያ ማለት ነው። የቬትናሞች «ቻኦ» ግን ከዚህች ቃል ጋር ዝምድና የለውም፤ በድምፅ መገጣጠም ብቻ ነው።

ራስን ዝቅ ለማድረግ የተፈጠረችው ቃል ዛሬ ለትልቅ ሰው አትመጥንም። ጣልያን ለማያውቀው ሽማግሌ «ቻኦ» አይልም፤ «አሪቬደርቺ» ይላል። እኛም የሰፈር አዛውንት ስንሰናበት «ደኅና ይዋሉ» እንላለን፤ «ቻው» ለእኩያ ናት።