ትልቅ ውሻ፣ ለጋ አጥንት

የሰባት ወር ጀርመን ሸፐርድ ያየ ሰው ያደገ ውሻ ያየ ይመስለዋል። ቁመቱ ደርሷል፣ ጆሮው ቆሟል፣ ድምፁም ጎርንኗል። ስለዚህ ባለቤቱ ጠዋት ጠዋት ከብስክሌቱ ጎን ያስሮጠዋል። እኔ በምኖርበት ሰፈር መናፈሻ እንዲህ ያለውን በየሳምንቱ አያለሁ። ውሻው ደስ ብሎት ነው የሚሮጠው። ችግሩም እዚህ ላይ ነው፤ ቡችላ ባለቤቱ እስከሄደበት ይከተላል እንጂ «ደከመኝ» ብሎ አይቀመጥም።

በቡችላ ረጃጅም አጥንቶች ጫፍ ላይ አጥንቱ የሚያድግበት ለስላሳ ክፍል አለ። ገና ወደ ጠንካራ አጥንትነት ስላልተለወጠ ከሌላው ክፍል ይልቅ በቀላሉ ይጎዳል። በትንንሽ ዝርያዎች ዓመት ሳይሞላ ይዘጋል። እንደ ላብራዶርና ጀርመን ሸፐርድ ባሉት ግን ከ12 እስከ 18 ወር ይወስዳል፤ እንደ ግሬት ዴን ባሉት ግዙፎች ከዚያም ሊያልፍ ይችላል። ሲወለድ ግማሽ ኪሎ ገደማ የነበረ ላብራዶር በአንድ ዓመት ውስጥ ወደ 30 ኪሎ ይጠጋል። ይህን ሁሉ ክብደት የሚሸከመው ያ ያልጠነከረ አጥንት ነው።

በትልልቅ ዝርያዎች ላይ ብዙ ጊዜ የሚታየው ችግር ሂፕ ዲስፕሌዥያ ይባላል። የጭኑ አጥንት ክብ ጫፍ በዳሌው ጉድጓድ ውስጥ በደንብ አይገጥምም፣ ይላላል፣ እየተፋቀ ሄዶ የመገጣጠሚያ ሕመም ያመጣል። በዘር የሚወረስ ነገር አለበት፤ ነገር ግን ዘር ብቻውን አይወስንም። የኖርዌይ የእንስሳት ሕክምና ተመራማሪዎች ወደ 500 የሚጠጉ ውሾችን ከቡችላነታቸው ጀምሮ ተከታትለው በ2012 ውጤቱን አሳትመዋል። ውሾቹ ኒውፋውንድላንድ፣ ላብራዶር፣ ሊዮንበርገርና አይሪሽ ዎልፍሀውንድ ነበሩ። እስከ ሦስት ወራቸው ደረጃ ሲወጡና ሲወርዱ የቆዩት ላይ ችግሩ በዛ ብሎ ተገኘ። በዚያው ዕድሜ ውጭ፣ ለስላሳና ወጣ ገባ መሬት ላይ ያለ ማሰሪያ የተጫወቱት ላይ ደግሞ አነሰ። አንድ ላይ መታየታቸው ብቻ አንዱ የሌላው ምክንያት ነው ለማለት አይበቃም፤ ሆኖም «ቡችላውን ዝም ብላችሁ አስቀምጡት» የሚለውን ምክር ውድቅ ያደርጋል።

አገር ቤት ግቢ ውስጥ የሚያድግ ቡችላ ይህን ያለ አስተማሪ ያገኘዋል። ሣርና አፈር ላይ ይንከባለላል፣ ዶሮ ያባርራል፣ ሲደክመው ጥላ ፈልጎ ይተኛል። ማንም አምስት ኪሎ ሜትር አስፋልት ላይ አይጎትተውም። ውጭ አገር ሦስተኛ ፎቅ ላይ ለምንኖረው ግን ያንን ሆን ብለን ማዘጋጀት አለብን። ቡችላው ትንሽ ሳለ ደረጃውን ታቅፎ መውረድ፣ ሲከብድ ደግሞ በማሰሪያ ይዞ ቀስ እያሉ ማስወረድ ይሻላል። ከመኪና ዘሎ እንዲወርድ አትተዉት። ቤታችሁ እንደ አብዛኛው የባሕረ ሰላጤው አገሮች ቤት ሴራሚክ ወይም እብነ በረድ ከሆነ፣ ቡችላው የሚሮጥበት መተላለፊያ ላይ የማያንሸራትት ምንጣፍ አንጥፉ። በእነዚያ አገሮች በበጋ ወቅት አስፋልቱ መዳፉን ያቃጥላል፤ የእጃችሁን ጀርባ ለሰባት ሰከንድ ያህል መሬቱ ላይ ማቆየት ካልቻላችሁ እሱም አይችልም።

ኢንተርኔት ላይ «በአንድ ወር ዕድሜ አምስት ደቂቃ» የሚባል ሕግ ይዘዋወራል። በዚህ ስሌት የአራት ወር ቡችላ 20 ደቂቃ ይራመዳል ማለት ነው። ቁጥር የምወድ ሰው ብሆንም ይህኛው የቆመበት ጠንካራ ጥናት የለም። በማሰሪያ ለሚደረግ የእግር ጉዞ እንደ ልጓም ቢያገለግል አልጠላም፤ በራሱ ፍላጎት ሣር ላይ ለሚጫወት ቡችላ ግን ሰዓት መያዝ አያስፈልግም። መጠንቀቅ የሚገባው ከተደጋጋሚ ዝላይ፣ ከድንገተኛ መታጠፍና ከረጅም ሩጫ ነው። ኳስ አርባ ጊዜ እየወረወሩ ማምጣት ለልጆች ደስ ይላል፣ ለለጋ መገጣጠሚያ ግን ከብዙ ጨዋታዎች ሁሉ የከፋው ይህ ነው። ልጆቹ ምግብ ሣር ውስጥ ደብቀው በማሽተት እንዲፈልግ ቢያደርጉት የበለጠ ይደክማል፣ አይጎዳምም።

ምግቡ ከእንቅስቃሴው ያላነሰ ነገር ነው። ካልበላ የሚቀየመን እንግዳ ይመስል ሳህኑን እንሞላለን። በ2002 የታተመ አንድ ጥናት 48 ላብራዶሮችን ዕድሜያቸውን ሙሉ ተከታትሏል፤ ግማሾቹ ከሌሎቹ 25 በመቶ ያነሰ ምግብ ይሰጣቸው ነበር። ትንሽ የበሉት ዳሌያቸው የተሻለ ሆነ፣ የመገጣጠሚያ ሕክምና ያስፈለጋቸውም ዘግይቶ ነው። መካከለኛ ዕድሜያቸው 13 ዓመት ሲሆን የሌሎቹ 11.2 ነበር። በእኔ አስተያየት ለውሻ መገጣጠሚያ ከዚህ የረከሰ መድኃኒት የለም። የጎድን አጥንቱን ሳትጫኑ በእጃችሁ ካገኛችሁት መጠኑ ደህና ነው። «አጥንቱ ይጠንክር» ብሎ ካልሲየም መጨመር ደግሞ ተቃራኒውን ያመጣል፤ ትንሽ ቡችላ ትርፉን ካልሲየም ከመምጠጥ ራሱን መከላከል ስለማይችል አጥንቱ ይበላሻል። ለትልቅ ዝርያ ቡችላ ተብሎ የተዘጋጀ ምግብ ይበቃል።

ሲሮጥ ሁለቱን የኋላ እግሮቹን እንደ ጥንቸል አንድ ላይ የሚያነሳ፣ ከተኛበት ሲነሳ የሚያመነታ ወይም የሚያነክስ ቡችላ ራጅ ይነሳ። «ሲያድግ ይተወዋል» ብሎ መጠበቅ ዋጋ ያስከፍላል። ዳሌው ወደፊት በደንብ እንዲገጥም ለማድረግ የሚሠራ አንድ ቀላል ቀዶ ሕክምና አለ፤ የሚጠቅመው ግን ከአምስት ወር በፊት ከተሠራ ነው። ከዚያ በኋላ የሚቀሩት ከባድና ውድ ቀዶ ሕክምናዎች ናቸው። ማኮላሸትንም በተመለከተ ሐኪማችሁን ስለ ጊዜው ጠይቁ፤ በካሊፎርኒያ ዴቪስ ዩኒቨርሲቲ በጎልደን ሪትሪቨርና በጀርመን ሸፐርድ ላይ የተደረጉ ጥናቶች ከአንድ ዓመት በፊት የተኮላሹት ላይ የመገጣጠሚያ ችግር በዝቶ አግኝተዋል።

ገና ልትገዙ ከሆነ ሻጩን የወላጆቹን የዳሌ ራጅ ውጤት ጠይቁ። በአሜሪካ ይህን የሚመዘግበው ኦኤፍኤ የመጨረሻ ማረጋገጫ የሚሰጠው ውሻው 24 ወር ከሞላው በኋላ ነው፤ ስለዚህ እናቱ ዓመት ተኩል ከሆናት ያ ወረቀት ሊኖራት አይችልም። የጤና ኢንሹራንስ የምታስቡም ቡችላው ቤት በገባበት ሳምንት ግቡ። ማነከስ ከጀመረ በኋላ የሚገባ ኢንሹራንስ አብዛኛውን ጊዜ ያንን ችግር አይሸፍንም።